የጠርዛ ቁጥር ከቴፕ እንዴት እንደወጣ

ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል። የቸኮለ መንገዱን ይቀጥል፤ ይህ ተረት እየተደጋገመ ነው የሚሄደው።

ወይዘሮ የሺሐረግ የሚባሉ ሴት ነበሩ። በወንዞች መለኪያ መሥሪያ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ኮምፒውተር ላይ ሠርተዋል። የዚያን ጊዜ ኮምፒውተር ቁም ሣጥን ያህል ነው፤ የየወንዙን ከፍታ በየቀኑ እየተቀበለ በትልልቅ የቴፕ ጥቅል ላይ ይጽፋል። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ እሱም ጡረታ ወጥቶ ዕቃ ግምጃ ቤት ገባ። «ከእኔ በኋላ የነካው የለም» እያሉ ይኮሩበታል። እውነታቸውን ነው፤ ከአቧራ በቀር ማን ይነካዋል?

አንድ ቀን መሐንዲሱ ልዑልሰገድ ቤታቸው መጣ። «እትዬ፣ አንዲት ቁጥር ብቻ ነው የምፈልገው» አላቸው። «በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት የጠርዛ ወንዝ ድልድዩን ጠርጎ ሲሄድ ስንት ሜትር ሞልቶ ነበር? ይህችን ካላገኘሁ ምሰሶ አላቆምም። ዝቅ አድርጌ ብሠራው እንደዚያኛው ይወስደዋል።»

ወይዘሮ የሺሐረግ ጠርዛን ያውቁታል። ክረምት በመጣ ቁጥር ማዶውን ከወዲህ ይቆርጠዋል። ማዶ የተዳረችው የእኅታቸው ልጅ እልፍነሽ አምና ምጥ ይዟት በቃሬዛ ወንዙ ዳር ደርሳ፣ ጤና ጣቢያው ፊት ለፊቷ እየታያት፣ መሻገሪያ አጥታ ልጇ ሞቶባታል። «ቁጥሯማ ያለችው እኔ ዘንድ ነው» አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ።

በመጀመሪያ ወደ መሐንዲሱ ላፕቶፕ ሄዱ። «ላፕቶፕ ሆይ፣ የጠርዛን ቁጥር ጻፍ፤ መሐንዲሱ ምሰሶ አላቆምም ብሏል።»

«እኔ ቴፕ የሚባል ነገር መጉረስ አልተማርኩም እትዬ» አለ ላፕቶፑ። «ሽቦ ካላቀበለኝ አልጽፍም።»

እሺ ብለው ተቀመጡና አንዱ ጫፉ ለአሮጌው ኮምፒውተር፣ ሌላው ጫፉ ለላፕቶፑ የሚሆን ሽቦ በገዛ እጃቸው በየዱ። መነጽር አላደረጉም፤ እጃቸውም አልተንቀጠቀጠ። ይህንንም ሳይናገሩ አላለፉም። «ሽቦ ሆይ፣ አቀብል፤ ላፕቶፑ አልጽፍም ብሏል፤ መሐንዲሱ ምሰሶ አላቆምም ብሏል።»

«ባዶ እጄን ምን ላቀብል?» አለ ሽቦው። «አሮጌው ካልተናገረ አላቀብልም።»

ሽቦውንና ላፕቶፑን ይዘው፣ መሐንዲሱንም አስከትለው ወደ ግምጃ ቤቱ ወረዱ። የአሮጌውን አቧራ ጠረጉ፤ መብራት ሰጡት። ግንባሩ ላይ ያሉት ትንንሽ መብራቶች አንድ በአንድ በሩ። «የሺ! አንቺ ነሽ?» አለ።

«እኔ ነኝ፤ እንግዲህ ተናገር። ሽቦው አላቀብልም ብሏል፤ ላፕቶፑ አልጽፍም ብሏል፤ መሐንዲሱ ምሰሶ አላቆምም ብሏል።»

«የማውቀውን ሁሉ ቴፕ ላይ አስጽፈሽኝ የለም እንዴ? ቴፕ ማዞሪያው ካላዞረልኝ አልናገርም።»

ቴፕ ማዞሪያው አጠገቡ ቆሟል። «አንተ ደግሞ ዙር እንጂ! አሮጌው አልናገርም ብሏል፤ ሽቦው አላቀብልም ብሏል፤ ላፕቶፑ አልጽፍም ብሏል፤ መሐንዲሱ ምሰሶ አላቆምም ብሏል።»

«በምኔ ልዙር? ቺንጋዬን፣ የሚያዞረኝን የላስቲክ ቀበቶ፣ እዪው፤ ሬንጅ ሆኖ ቀልጧል። አዲስ ቺንጋ ካላጠለቅሽልኝ አልዞርም።»

ከመናኸሪያው ጀርባ ጎማ ወደሚጠግነው ወደ ጎሚስታው ሽኩር ሮጡ ማለት ይቻላል። «ሽኩር፣ ከጎማ ላስቲክ ቺንጋ ቁረጥልኝ። ማዞሪያው አልዞርም ብሏል፤ አሮጌው አልናገርም ብሏል፤ ሽቦው አላቀብልም ብሏል፤ ላፕቶፑ አልጽፍም ብሏል፤ መሐንዲሱ ምሰሶ አላቆምም ብሏል።»

ሽኩር የያዘውን ጎማ አስቀምጦ ትክ ብሎ አያቸው። «እትዬ፣ ፀሐይ መታዎት እንዴ?»

«አልመታኝም። ቁረጥ!»

«ልኬቱን ካልነገሩኝ አልቆርጥም። ቢላላ ይንሸራተታል፤ ቢጠብቅ ይበጠሳል።»

ልኬት ከየት ይምጣ? የድሮው ቺንጋ ቀልጧል፤ የማሽኑ መጽሐፍ ከጠፋ ቆይቷል። ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ቆርጦ ቤቱ ይገባ ነበር። ወይዘሮ የሺሐረግ ግን ያንን ቺንጋ ሃያ ስድስት ዓመት ሲያጠልቁና ሲያወልቁ የኖሩ ናቸው። ቀኝ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። «ሁለት ስንዝር ከአራት ጣት። ስንዝሩም የእኔ ነው፤ ያንተ ይተርፋል።»

ሽኩር ሳቀ፤ በእጃቸው ለክቶም ቆረጠ።

ጎሚስታው ቆረጠ፤ ማዞሪያው ዞረ፤ አሮጌው ተናገረ፤ ሽቦው አቀበለ፤ ላፕቶፑ ጻፈ። የሰባ ሦስት ሐምሌ አለፈ፤ ነሐሴ መጣ። ነሐሴ ሠላሳ፣ አራት ሜትር ከሃያ። ከዚያ በኋላ አሮጌው «አበቃ» ብሎ ቀጥ አለ።

«አራት ከሃያ!» አለ ልዑልሰገድ ደስ ብሎት። «እኔም አምስት ሜትር ላይ ነበር ያሰብኩት፤ ይበቃል» ብሎ እስክሪብቶውን አወጣ።

«እስክሪብቶህን መልስ፣ ልጄ» አሉት ወይዘሮ የሺሐረግ። «ዓመቱ መቼ አለቀና? ጳጉሜ የት ሄደች?»

መሐንዲሱ እስክሪብቶውን ወደ ኪሱ መለሰ።

«ይህን ማሽን የሠሩት ሰዎች ዓመት አሥራ ሁለት ወር ነው ብለው ነው ያስተማሩት። ጳጉሜን ስሰጠው አሥራ ሦስተኛ ወር አላውቅም ብሎ መለሰልኝ። ወንዙ ግን ጳጉሜን ያውቃታል፤ ያን ሰሞን ሌት ተቀን ነበር የሚሞላው። እና እኔ ምን አደረግሁ? 'አበቃ' ከሚለው ምልክት ማዶ ጻፍኳት። እዚያ ማንም አይቆጣጠርም።» ወደ አሮጌው ዞሩ። «ምን ይገትርሃል? ቀጥል!»

«አበቃ ይላል እኮ፣ የሺ።»

«አበቃ ያልኩት እኔ ነኝ። እለፈው!»

አሮጌው አለፈው። ማዞሪያው ዞረ፤ አሮጌው ተናገረ፤ ሽቦው አቀበለ፤ ላፕቶፑ ጻፈ። ጳጉሜ አንድ፣ አራት ሜትር ከዘጠና። ጳጉሜ ሁለት፣ አምስት ሜትር ከሠላሳ። ጳጉሜ ሦስት፣ ስድስት ሜትር ከአርባ።

ልዑልሰገድ ያገኘው ሣጥን ላይ ተቀመጠ። «አምስት ሜትር ላይ ብሠራው ኖሮ…» አለ። ተነሥቶ እጅ ነሳቸው። ወይዘሮ የሺሐረግ እንደ ሌላ ሰው «ኧረ ምንም አይደል» አላሉም። «አዎ፣ ይገባኛል» አሉ። ኩራቱ ፊታቸው ላይ በግልጽ ይታይ ነበር፤ ሊደብቁትም አልሞከሩም።

መሐንዲሱ ምሰሶውን ሰባት ሜትር ተኩል አድርጎ አቆመ። ድልድዩ አለቀ፤ ክረምት ገባ፤ ጠርዛም ግንድ እያንከባለለ መጣ። በነሐሴ ማብቂያ፣ ወንዙ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ እልፍነሽን ምጥ ያዛት። አራት ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመዋት ድልድዩን ተሻገሩ። በሦስተኛው ቀን ሴት ልጅ ታቅፋ በእግሯ ወደ ማዶ ተመለሰች።

ወይዘሮ የሺሐረግ ሊሸኟት አብረዋት ሄዱ። ድልድዩ መሐል ሲደርሱ ቆሙና ከእግራቸው በታች የሚያጓራውን ውኃ ቁልቁል ተመለከቱት።

«ጩኽ እንግዲህ» አሉት። «ስንት እንደሆንክ አውቃለሁ።»

ተረቴ ማዶ ደረሰ፤ የቀረ ካለ ይሻገር።