የሚያነጠባጥበው ማድጋ

ተረት ተረት!

«የላም በረት!»

ላሟ ታለበች፣ ጥጃዋም ጠገበች፤ እናንተም ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

በድሮ ዘመን በአንድ ቆላ መንደር አንጓች የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። ባሏ ሞቶባታል። ከሦስት ልጆቿም ሁለቱን ተቅማጥ ወስዶባታል። የቀረቻት አለኝታ የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ነበረች። መንደሩ የሚጠጣው ከአንድ ኩሬ ነው። ሰዉም እዚያው፣ ከብቱም እዚያው። ምን ይደረግ፤ ሌላ ውሃ የለም።

አንድ ቀን አንጓች ማድጋ ልትሠራ ጭቃ አቦካችና ቀጠነባት። እንዲጠብቅላት ብላ የጤፍ እብቅ ነሰነሰችበት። አሁንም ጨመረችና አሸችው። ከዚያም አፉን ሰፊ አድርጋ ሠራችው፣ ጥላ ላይ አደረቀችው፣ በኩበት ተኮሰችው። ጎረቤቷ ትደነቂያለሽም ወሰደችው።

በማግስቱ ትደነቂያለሽ ማድጋውን ከነውሃው ተሸክማ እየተቆጣች መጣች።

ትደነቂያለሽ፦ «አንቺ ሴት፣ ይሄ ማድጋ ነው ወይስ ወንፊት? ቤቴን ጭቃ በጭቃ አደረገብኝ እኮ!»

አንጓች፦ «በሞቴ አትቆጪ፤ ሌላ እሠራልሻለሁ።»

ጎረቤቷ ጥላው ሄደች። አንጓች በጣም አፈረች። ውሃው እንዳይባክን ግን ማድጋውን ጋን አፍ ላይ አስቀመጠችው። ውሃው ጠብ ጠብ ሲል ዋለ። ከሰዓት በኋላ ከጋኑ ብትቀዳ፣ ያ እንደ አተላ የደፈረሰ ውሃ ኩልል ብሏል። ማድጋውን ብትዳስሰው፣ ዝልግልግ ቆሻሻው ሁሉ እዚያው ቀርቷል።

አንጓች፦ «እብቁ ነዋ! እሳት ውስጥ ነደደና ቦታው ባዶ ቀረ። ቀዳዳው ከመርፌ ጫፍ ያንሳል። ውሃው ሾልኮ ያልፋል፣ ቆሻሻው ግን ማለፍ ያቅተዋል።»

በዚያው ሰሞን አለኝታ ታመመች። ሆዷ አልቆም አለ፣ ዓይኗ ጎደጎደ። አንጓች ይህን በሽታ ታውቀዋለች፤ ሁለቱን ልጆቿን የወሰደባት እሱ ነው። ከድፍርሱ ውሃ ይሆናል ብላ የኩሬውን ውሃ ከልጇ አራቀችና፣ የጋኑን ብቻ ጉንጭ ጉንጭ እያደረገች አጠጣቻት። አንድ ቀን እንዲሁ አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ዓይኗን ገለጠች።

አለኝታ፦ «እማዬ፣ ራበኝ።»

አንጓች እዚያው መሬት ላይ ዘፍ አለችና አለቀሰች። ከዚያም እየሳቀች ተነሥታ ገንፎ ጣደች።

ገንፎው ሳይበርድ ትደነቂያለሽ በር ላይ ቆመች። ሕፃን ልጇን አቅፋለች። ሕፃኗ እንደ ጨርቅ ተዝለፍልፋለች።

ትደነቂያለሽ፦ «እቴ አንጓች፣ ልጅሽ ዳነች አሉ። ምን አጠጣሻት? እኔ በምን አፌ እለምንሻለሁ…»

አንጓች፦ «ግቢ እንጂ! ማድጋው አንድ ነው፤ ውሃው ግን ለሁለት ቤት ይበቃል።»

ሕፃኗም ቀስ በቀስ አገገመች፣ ጡትም ያዘች። ትደነቂያለሽ እብቅ እያመጣች፣ አንጓች እየሠራች፣ ለየቤቱ አንድ አንድ ማድጋ አዳረሱ።

አንጓች፦ «የማድጋው ቀዳዳ ሲዘጋባችሁ ውስጡን በቃጫ ፈግፍጉት፤ የታችኛውንም ጋን ክደኑት» እያለች ቤት ለቤት ዞረች።

ክረምቱ ገባ፤ ኩሬውም እንደ ልማዱ ደፈረሰ። እናቶች ቀን ቆጠሩ፣ ወር ቆጠሩ። መስከረም ሲጠባ በዚያ መንደር አንድም ሕፃን አልተቀበረም ነበር።

እኔም ተርኬ ጨረስኩ፤ እናንተም ተረቴን መልሱና፣ የደረቀ አፌን በትኩስ ዳቦ አርጥቡልኝ።