በፈተና የወደቀው የገበሬ ልጅ

አንድ የገበሬ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ስሙ አንማው ይባላል። ከቀበሌው ዩኒቨርሲቲ የደረሰ የመጀመሪያው ሰው ስለነበር መንደሩ በግ አርዶ፣ ጨፍሮና መርቆ ሸኘው።

በአገሩ ከክፍል አንደኛ ይወጣ የነበረው አንማው በመጀመሪያው የሂሳብ ፈተና ወደቀ። «ያን ሁሉ ሰው አሳፈርኩ» ብሎ አሰበ። እንቅልፍ አጣ፤ ምግብ አስጠላው፤ አባቱ ሲደውሉ ስልኩን ማንሳት አቃተው። ክፍል መግባትም ተወ።

የዶርም ጓደኛው፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪው ገመቹ ይህን አይቶ ዝም አላለም።

«ወንድሜ፣ አንተ ደህና አይደለህም። የተማሪዎች አማካሪዋ ጋ እንሂድ» አለው።

«እዚያ ስገባ ያየኝ ሁሉ አበደ ይለኛል።»

«እኔ አምና ሄጃለሁ። አብጃለሁ እንዴ?»

አንማው ትንሽ አሰበና «ታንኮራፋለህ እንጂ ደህና ነህ» አለ። ሁለቱም ሳቁ፤ ተያይዘውም ሄዱ።

አማካሪዋ ወይዘሮ ምንትዋብ ሳያቋርጡ አዳመጡት። ሲጨርስ «ይህን ለአባትህ ነግረሃቸዋል?» አሉት።

«ምን ብዬ ልንገራቸው?»

«አሁን ለእኔ እንደነገርከኝ።»

እዚያው ሆኖ ደወለ። መውደቁንም ነገራቸው። አባቱ በረጅሙ ተነፈሱ።

«ተመስገን፣ በሕይወት አለህ። ምን አገኘው ብለን እህል ሳንቀምስ ሰነበትን እኮ። ልጄ፣ ፈተናውን ደግመህ ትፈተነዋለህ፤ አንተን ግን ደግመን ከየት እናመጣሃለን?»

እናቱ ስልኩን ነጥቀው «በልተሃል?» አሉት። አልበላም ነበር። ያን ቀን ግን ካፌ ገብቶ የራሱን ጨርሶ የገመቹን ተሻማ።

ጭንቀቱ በአንድ ጀምበር አልለቀቀውም። ወደ አማካሪዋ እየተመላለሰ፣ ከገመቹ ጋር እያጠና ቀስ በቀስ ቀለለው። ቅዳሜ ከሰዓት ከገጠር የመጡ ተማሪዎች እየተሰበሰቡ የገጠማቸውን ማውራት ጀመሩ። አንዷ ልጅ መንገድ ላይ ያገኘችውን ሰው ሁሉ እንደ አገሯ ልማድ ቆማ ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹና ስለ ከብቶቹ ስትጠይቅ ለፈተና እንዳረፈደች ስትናገር አንማው እስኪያነባ ሳቀ። ሂሳቡንም ደግሞ ተፈተነና አለፈ። አንደኛ አልወጣም፤ መንደሩ ግን እልል አለለት።

የሚወዱን ሰዎች ከውጤታችን ይልቅ እኛን ይፈልጋሉ። የታመመ ሰውነት ሐኪም ቢሻ እንደማያሳፍር ሁሉ፣ የተጨነቀ ልብም የሚሰማው ሰው ቢፈልግ ነውር የለበትም። እስቲ ዙሪያችሁን ተመልከቱ፤ ሁሉም ጎበዝ እያለው «እንዴት ነህ?» ብሎ የጠየቀው ሰው የሌለው ልጅ ማን ይሆን?