ስኳሩን ማን በላው

ግራዝማች ደምሰው፣ እግዜር ይቅር ይበላቸውና፣ ጾም ሲገባ ሥጋና ቅቤ እርም ብለው ስኳር በማንኪያ የሚልሱ ሰው ነበሩ። «ስኳር ጾም አያስገድፍም» ይላሉ። በኋላ ግን ሰውነታቸው መነመነ፤ የውሃ ጥሙም አላስቀምጥ አላቸው።

አንድ ቀን የስኳሩን ጣሳ ባዶ ሆኖ ቢያገኙት የቤታቸውን ሠራተኛ ሽማግሌዎች ፊት አቆሟት።

«ስኳሬን የጨረስሽው አንቺ ነሽ። አይደለሁም ካልሽ ሌባውን አሳዪኝ። ማንም ይሁን ማን፣ ሌባው ዛሬውኑ ከዚህ ቤት ይወጣል።»

«እሺ ጌታዬ» አለች ሴትዮዋ፣ «ስኳር የገባበትን ከጉንዳን የበለጠ የሚያውቅ የለም። እሱን እንከተል።»

ሁሉም ተከተሉ። የጉንዳኑ ሰልፍ የሴትዮዋን ጎጆ አልፎ ሄደና ከጓሮው አጥር ሥር፣ ግራዝማች በየሰዓቱ እየወጡ ከሚሸኑበት እርጥብ መሬት ላይ ተርመሰመሰ። ሽማግሌዎቹ አቀረቀሩ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ ግራዝማች።

«ስኳርዎ ነዋ ጌታዬ። በአፍዎ ገብቶ በዚህ ወጥቷል። እንግዲህ ሌባው ዛሬውኑ ይወጣል ብለዋልና በቅሎዎን ልጫንልዎት፤ ሳይመሽ ሐኪም ቤት ይደርሳሉ።»