በርሜሉና ሥራ አስኪያጁ

ብምልም አታምኑኝም እንጂ፣ በከተማችን ቢራ ፋብሪካ በርሜሉ ሁሉ፣ ያለበትን ቦታ ያለ ሽቦ የሚያወራ ምልክት ተለጠፈበት። በርሜሉ ሰባት ተራራ ተሻግሮ ቢያስነጥስ፣ ፋብሪካው በር ላይ ያለው መሣሪያ «ይማርህ!» ይላል።

በርሜል መጥፋት ሲቀር ሥራ አስኪያጁ አቶ ደምመላሽ ልባቸው አበጠና አንዱን ጫኝ ጠሩት።

«ይኼን ምልክት አንገትህ ላይ አንጠልጥል! የት የት እንደምትገባ ላውቅ ነው። እምቢ ካልክ ከሥራ ትባረራለህ!»

ጫኙ የተሸከመውን አውርዶ፣ «ጌታዬ፣ በርሜል ሞልቶ ይወጣል፣ ባዶውን ይመለሳል። እኔ ባዶዬን መጥቼ ባዶዬን ነው የምገባው፤ ምኔ ይጠፋል? ማታ ባዶዎን ወጥተው፣ በቢራ ጢም ብለው የሚመለሱት እርስዎ ነዎት። ምልክቱ ለእርስዎ ይሻላል» አላቸው።

ባላቸውን አቶ ደምመላሽን ፍለጋ መጥተው በር ላይ የቆሙት ወይዘሮ ዘርትሁን አላስቻላቸውም፤

«ሁለት አንጠልጥሉለት! ይኼ ሰው መች ተመልሶ ያውቅና!»