ደጃዝማች የነዱት መኪና

ቀኛዝማች በሻህ የአባታቸውን አሮጌ መኪና ለአንድ ነጋዴ ሊሸጡ ሲያሞግሱ ዋሉ። «አባቴ ደጃዝማች በገዛ እጃቸው ከደሴ እስከ አዲስ አበባ ነድተውታል» አሉ። ነጋዴው ምስክር ቢጠይቅ፣ ያኔ ከአባታቸው ጋር የመጣውን ምላሰኛ ዘበኛ ጠሩና «ነድተውታል ብለህ ማል፤ አለዚያ ዛሬውኑ ከግቢዬ ትወጣለህ» ብለው በጆሮው ሹክ አሉት።

ዘበኛው መዋሸትም መባረርም አልፈለገም። ትንሽ አሰበና እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ «እግዜር ምስክሬ ነው፣ ደጃዝማች በገዛ እጃቸው ነድተውታል» አለ።

የቀኛዝማች ፊት በራ። ነጋዴውም እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

«እኔም አብሬያቸው ነድቻለሁ» ሲል ቀጠለ ዘበኛው። «እሳቸው በቀኝ እኔ በግራ እየገፋን፣ እንደ ለገመ አህያ ከኋላ ከኋላው ነዳነው።»