ሦስት ጊዜ የተሰጠ ቀን

አንድ ገበሬ ነበረ። እምቢ ማለት የማይሆንለት ሰው ነበር። ይበልጣል፣ የወንድሜ ልጅ፣ «ሥራዬ አያልቅም፣ ቀኑ አልበቃኝ አለ፣ ጭንቀት ሊገድለኝ ነው፤ ምን ይሻለኛል?» ብለህ ስለጠየቅኸኝ ነው የምነግርህ። መሃል ላይ አታቋርጠኝ፤ ጥድፊያህን አውቀዋለሁ።

ይህ ገበሬ ከስድስት ጎረቤቶቹ ጋር ወንፈል ገባ። ከተማ ገብተህ ረስተኸው እንደሆነ፣ ወንፈል ማለት ሰባቱ ተባብረው ተራ በተራ በየአንዳንዳቸው ማሳ ላይ ይውላሉ ማለት ነው። ባለ ተራው ለሠራተኞቹ ጠላና ምሳ ያዘጋጃል። ወቅቱ የጤፍ አረም ነበር። በዓሉን ስትቀንስ በሳምንት ሥራ የሚሠራበት ቀን አራት ቢሆን ነው፤ ሙጃ ግን በዓል አያከብርም፣ በየቀኑ ያድጋል። ዕጣ ተጣለና ለገበሬው ሦስተኛው ቀን ደረሰው።

ሚስቱ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። የመጀመሪያ ልጃቸው ነው። የዓመቱ ተስፋቸው ያቺ አንዲት የጤፍ ማሳ ነበረች። ሚስቱ ቀኑን አስልታ ጠላ ጠነሰሰች፣ ሽሮዋን አስፈጨች፣ ጎረቤት ሴቶችንም ለእርዳታ ለመነች።

ተራው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው አንድ ሀብታም ጎረቤት መጣ። «ማሳዬ ሰፊ ነው፣ ሙጃው ሊውጠው ነው። የነገውን ቀንህን ስጠኝ፤ አንተ በእኔ ተራ ትገባለህ» አለው። ገበሬውም «እሺ ጋሼ፣ የእኔ ይደርሳል» አለ። ሀብታሙ መርቆት ሄደ። ጠላው ሆመጠጠ።

ሚስቱ እንደገና ጠነሰሰች። ተራው ሲደርስ ሁለተኛው ጎረቤት መጣ። ይህኛው የአባቱን ተዝካር ሊያወጣ ነበርና አረሙን ቶሎ ተገላግሎ ወደ ድግሱ መዞር ፈልጎ ነበር። ገበሬው አሁንም «እሺ» አለ። ለሙት ሲባል እንዴት እምቢ ይባላል? ሚስቱ «የእኛስ ቀን መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችው። «ይደርሳል፣ አይዞሽ» አላት።

በመሃሉም አንዱ በሬ ሲጠፋበት ይጠራዋል፣ ሌላው ለዕርቅ ሽማግሌ ሲያጣ ይጠራዋል። ለሁሉም እሺ ነው። ምሳውን ቆሞ ይበላ ጀመር። በእንቅልፉ «መጣሁ፣ መጣሁ» እያለ ይባንናል። ጧት ለአንዱ፣ ከሰዓት ለሌላው ቃል ስለሚገባ ለሁለቱም አርፍዶ ይደርሳል። ሲመሰገን የኖረ ሰው ይወቀስ ጀመር፤ ሲወቀስ ደግሞ እንዳይቀየሙት ብሎ ይበልጥ እሺ ይላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባል የለ?

ለሦስተኛ ጊዜ ተራው ሲደርስ ሦስተኛው ጎረቤት መጣ። ይህኛው ተዝካርም ሰፊ ማሳም አልነበረውም። ሥራውን ጨርሶ ማረፍ ፈልጎ ብቻ ነው የመጣው። ገበሬው ለእሱም «እሺ» አለ። ሚስቱ በር ላይ ቆማ ሰምታለች። አልተጣላችውም። «ከእንግዲህ ለጠላ የሚሆን እህል የለም» ብላ ወደ ውስጥ ገባች።

በነጋታው እሱ ወደ ጎረቤቱ ማሳ ሲሄድ እሷ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ብቻዋን ወደ ማሳቸው ወረደች። ጤፍ ቆሞ አይታረምም። በጉልበት እየተንፏቀቁ አንድ በአንድ ነው የሚነቀለው። እሷ ደግሞ ወሯ ገብቷል። ረፋዱ ላይ ዝናብ ጣለ። ውሃ ሊቀዱ የወረዱ ሴቶች ሲያገኟት ጭቃው ላይ ወድቃ ምጥ ይዟት ነበር። ለባሏ ሰው ተላከበት። እየሮጠ መጣ። ክረምቱን ሙሉ ሲሮጥ የከረመው ሰው ያን ዕለትም አርፍዶ ደረሰ። እሷም ልጁም አልተረፉም።

ለቀብሩ ያልመጣ ሰው አልነበረም። ውለታው ያለበት ሁሉ መጥቶ አለቀሰ። ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጡ። በአራተኛው ቀን ስድስቱ ጎረቤቶች ማንም ሳይጠራቸው ማሳው ላይ ተገኙ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ቀና ሳይሉ፣ ሳይነጋገሩ አረሙት። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ አለቀ።

ገበሬው መጥቶ ማሳው ዳር ቆመ። የታረመውን ጤፍ ከዳር እስከ ዳር አየው።

«አለቀ?» አለ።

«አለቀ» አሉት።

«ይህን ያህል ብቻ ነበር?» አለና መሬቱ ላይ ቁጭ አለ።

ግማሽ ቀን ነበር። ለአገር ሁሉ ቀኑን ሲያድል ከርሞ ለሚስቱ ያጣላት ግማሽ ቀን ነበር። ከስድስቱ አንዳቸውም ፊቱን ማየት አልቻሉም።

ይበልጣል፣ አንተም እንዲሁ ነህ። አለቃህ ሲጠራህ እሺ፣ ማኅበሩ ሲጠራህ እሺ፣ ጓደኛህ ሲጠራህ እሺ ትላለህ። ሚስትህ ስትጠይቅህ «ይደርሳል» ትላታለህ፤ ባለፈው እዚሁ ቤት ስትላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ቀን አነሰኝ ትላለህ። ለገበሬውም እንደ ሌላው ሰው እኩል ነው የደረሰው፤ ሦስት ጊዜ በራሱ አፍ ሰጠው እንጂ። ስለዚህ ሳምንቱ ሲገባ አስቀድመህ የቤትህን ቀን ለይና ያዝ፤ የቀረውን ለሰው አካፍል። ያን ቀን የጠየቀህን ሰው «ቀኔ ተይዟል» በለው። ምክንያት አትደርድርለት።

ይቀየሙኛል ብለህ ትፈራለህ። አዎ፣ ይቀየሙሃል። ቀንህን የሚወስዱብህ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። ይጠይቁሃል፣ እሺ ስትላቸው ይወስዳሉ። ይህን የማውቀው ከማንም ሰምቼ አይደለም፤ ሦስተኛው ጎረቤት እኔ ነበርኩ። ያን ጊዜ እምቢ ብሎኝ ቢሆን ኖሮ አንድ ሳምንት አኮርፈውና እረሳው ነበር። እሺ አለኝ፤ ይኸው አርባ ዓመት ሆነኝ፣ አንድም ቀን አልረሳሁትም።