እምቢ አለች

መንገዱ ወደ ቆላው ከመውረዱ በፊት፣ ድንጋዩን ሁሉ እሬት የወረሰው አንድ ጉብታ አለ፤ ከጉብታው ሥር ያለውም መንደር «እምቢ አለች» ይባላል። ስሙን የሰማ እንግዳ ሁሉ የየራሱን ይገምታል። አንዱ ባል እምቢ ያለች ኮረዳ ነበረች ይላል፤ ሌላው ግብር አልከፍልም ያለች ባላባት ነበረች ብሎ ከኪሱ ታሪክ ያወጣላታል። የመንደሩ ሰው አያርምም፤ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ሲያብራሩ መዋል ነው? ትልልቅ ሰዎች ግን፣ በተለይ ሴቶቹ፣ የነገሩን ሥር ያውቁታል። እንደሚሉት ከሆነ እምቢ አለች የተባለችው ኮረዳም ባላባትም ሳትሆን ገና ጥርስ ያላበቀለች፣ ጡት የምትጠባ ሕፃን ነበረች።

ነገሩ የሆነው ከብት ባለቀበት ዘመን ነው ይባላል። በሽታ ገብቶ ላሙንም ጊደሩንም ጠራርጎ ወሰደና ወተት የሚባል ነገር ከእናቶች ደረት በቀር ከአገሩ ጠፋ። በዚያ ዘመን አገሩን የሚገዙት ግራዝማች ወንድይራድ ሲሆኑ ባለቤታቸው ወይዘሮ በለጥሻቸው ትባል ነበር። የመንደሩ ሴቶች ይህን ሲያወሩ ግራዝማቹን አንቱ ይላሉ፤ እሷን ግን አንቱ አይሏትም፤ እኛም በነሱ አፍ እንሂድ። በለጥሻቸው የወለደቻቸው ልጆች እየሞቱባት ብዙ ካለቀሰች በኋላ ወንድ ልጅ አገኘችና ይዝለቅልኝ ስትል ዘለቀ አለችው። ምን ያደርጋል፣ ገና ከአራስነቷ ሳትወጣ ጡቷ አብጦ መግል ያዘና ወተቷ ደረቀ። ሐዘን የለመደች ሴት ናትና ይህም ሊሞትብኝ ነው ብላ አበደች።

ከጉብታው ሥር አትጠገብ የምትባል ልጅ እግር እናት ከታላቅ እህቷ ከደብሬ ጋር ትኖር ነበር። ባሏ ጨው ሊያመጣ ቆላ ወርዶ በወባ እዚያው ቀርቷል። ትቶላት የሄደው ነገር ቢኖር አንዲት ሴት ልጅ ናት፤ እሷም ገና በእጅ ተደግፋ መቀመጥ የጀመረች፣ ጉንጯ የሞላ፣ እየጠባች መሐል ላይ ጡቱን ለቅቃ እናቷን እያየች የምትስቅ ነበረች አሉ። የአትጠገብ ወተት ደግሞ የተረፈ ነበር፤ የሰው ልጅ ሲያለቅስ ስትሰማ እንኳ ቀሚሷ ይርስ ነበር። ይህ ወሬ ከወይዘሮዋ ጆሮ ለመድረስ ብዙም አልቆየ። የድሃ ሲሳይ ምን ጊዜም ተደብቆ አያድርም።

ተጠራችና ውል ተዋዋሉ። «ቀኙ ለልጄ፣ ግራው ለልጅሽ» አለቻት በለጥሻቸው፤ ሁለቱም ቄስ ፊት ቀርበው ማሉ። አትጠገብ ቀኙን ሌላ ከንፈር ላይነካው፣ ወይዘሮዋም ግራውን ላትከለክል። ቀለብ ለእሷም ለደብሬም ተቆረጠ፤ ሰው ቅጠል ቀቅሎ በሚበላበት ዘመን ደብሬ እግዜር አየልን ብላ መሬት ሳመች። አትጠገብ ግቢው ውስጥ እንድትኖር ሆነ፤ ልጅቱ ግን እዚያ አታድርም ተባለ። ሁለት ጨቅላ በአንድ ጣራ ሥር ከጠባ አንዱ የሌላውን ዕድሜ ይወስዳል የሚል ነገር ነበርና፣ ደብሬ ጠዋትና ማታ አዝላ ታመጣታለች፣ ልጅቱም ከአጥሩ በር አጠገብ ካለች ጎጆ ውስጥ ግራዋን ጠብታ ትመለሳለች።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ደህና ነበር። ዘለቀ ነፍስ ዘራ፣ ማልቀሱንም ተወ። ነገር ግን የመወፈር ልጅ አልነበረም፤ አጥንቱ ቀጭን፣ አንገቱ ሰላላ ነው። አንድ ቀን በለጥሻቸው በር ላይ ቆማ ሳለች ደብሬ ልጅቱን አዝላ ስትወጣ አየቻት፤ ክርኗ የተሰረጎደ፣ ጭኗ እጥፍ እጥፍ ያለ። ወይዘሮዋ ገብታ ልጇን ገልጣ አየችው። ያንን የሞላ ጭን የሠራው የልጄ ወተት ነው ብላ ከደመደመች በኋላ እንቅልፍ አልወሰዳትም። በአፏ ብትከለክል ደግሞ መሐላ ማፍረስ ይሆናል፤ ቄሱም አሉ፣ ጡርም አለ። ስለዚህ መከልከሉን ለልጅቱ ለራሷ ተወችላት።

«ግራ ጡትሽ ሊሰነጠቅብሽ ነው፤ ነይ በእጄ ልቀባሽ» አለቻት ለአትጠገብ። ከብት ሳያልቅ የተቀመጠ፣ በቅመም የተነጠረ ቅቤ ነው፣ ሽታው ቤቱን ያውዳል። ድሃ በሕልሙ ቅቤ ባይጠጣ ንጣት ይገድለው ነበር ይባላል፤ አትጠገብ ግን ይኸው በእውኗ፣ ያውም በእመቤት እጅ ተቀባች። ዓይኗ እንባ ሞላ። «እመቤቴ፣ እኔ ማን ሆኜ ነው?» አለች። ደግነት መስሏታላ! ቅቤው ውስጥ የእሬት ጭማቂ እንደተለወሰበት በምን ትወቀው? ጡት ላይ የተቀባ ቅቤ ማን ይልሳል?

ያን ዕለት ማታ ልጅቱ መጣች፣ ጎረሰች፣ ከዚያም ፊቷ ተጨማደደና ጮኸች። እናቷ እንደገና ሰጠቻት፤ ጀርባዋን ለጥጣ በሁለት እጇ ገፋቻት። ጠዋት እንዲሁ፣ ማታም እንዲሁ። ወይዘሮዋ ልጅቱ ከመምጣቷ በፊት አትጠገብን ሳትቀባት የቀረችበት ቀን የለም፤ ልጅቱ ስትጮህም መጥታ ከደጅ ትጠይቃለች፣ «ምነው፣ ምን ሆነች?» ትላለች። አትጠገብም የምትለው አጥታ «እምቢ አለች እመቤቴ» ትላለች። «እምቢ አለች?» ትላለች በለጥሻቸው። «ወይ የልጅ ነገር!» ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

መንደሩ ያለውን ሁሉ አለ። ቡዳ በልቷታል ያለ አለ፤ ጡቷ የጌታ ልጅ ጡት ሆኗልና ልጅቱን ቀፈፋት ያለም አልታጣ። አትጠገብን የገደላት ግን ይህ አልነበረም። ልጄ ጠላችኝ አለች፤ ቀን የሰው ልጅ ሳጠባ ውዬ ባቅፋት ሸተትኳት፣ እናቷ መሆኔን ረሳች አለች። ደብሬ አጥሚት እያቀጠነች በጥጥ ጠብ ታደርግላት ነበር፣ አንጀት ግን አልሆናትም። «የኔን ጣት እኮ ልትበላው ነው፣ እንደ ጉድ ነው የምትጠባው» አለች ደብሬ። «መጥባት አልጠላችም። አንቺን ብቻ ነው።» ለማጽናናት ነበር የተናገረችው፤ እንዲህ ያለ ማጽናናትም አለ።

የጭኗ እጥፍ ተፈታ፣ ክርኗ ሾጠጠ። አንድ ማታ ለቅሶዋ ድምፅ ሲያጣ አትጠገብ ቀኙን ጡቷን አወጣች። ወተቱ እየፈሰሰ ነበር ይላሉ፤ ልጅቱም ሽታው ጠርቷት አፏን ከፍታ ዞረች። በዚያች ቅጽበት ግን አትጠገብ ቄሱ በእጃቸው የያዙት መስቀል ታያት። መሐላ አፍርሼ የልጄን ነፍስ ለኩነኔ ላበላ? ብላ ጡቷን መለሰችው። ከዚያ በኋላ ባለው ዕድሜዋ፣ ስንት እንደኖረች ባይታወቅም፣ ያቺን የተከፈተች አፍ ሳታይ ያደረችበት ሌሊት እንዳልነበረ ደብሬ ለልጅ ልጆቿ ተናግራለች ይባላል።

ልጅቱ ሞተች። የሕፃን ቀብር አጭር ነው፤ ሰው ቶሎ ተበተነ። አትጠገብ ከእህቷ ቤት ደጃፍ ተቀምጣ ስታለቅስ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ሁልጊዜ ልጅቱ እምቢ ስትል ጡቷን የምትጠርግበት ጫፍ ነበር። ከንፈሯን ሲነካት በምላሷ ቀመሰችው። እንደገና ቀመሰችው። «ደብሬ፣ ነይ ቅመሺ» አለች። ደብሬ ቀምሳ ተፋች። «እንባ ጨው ነው» አለች አትጠገብ፤ «ይሄ ይመራል።» በዚያ አገር ጡት ማስጣል ሲፈለግ ምን እንደሚቀባ የማያውቅ ሴት የለምና ሁለቱም ተያዩ።

ነገሩ በሽማግሌ ተያዘ። ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡት እዚያው ጉብታ ላይ ነው፤ የሚበሉት ደግሞ ከግራዝማቹ ማዕድ ነው። አትጠገብ ነጠላዋን ዘርግታ ቅመሱ አለቻቸው፣ የቀመሰ ግን የለም። በለጥሻቸውም አልካደችም። «እሬት ቀብቻለሁ፤ ለቁስል መድኃኒት ብዬ በገዛ እጄ ነው የቀባኋት» አለች። «ጡቱን ማን ከለከላት? ስትሰጣት አልነበረም? ልጅቱ እምቢ አለች፤ ራሷ እናቷ ስትመሰክር ኖራለች።» የሽማግሌዎቹ አፍ አያ ፈንታ ይባላሉ፤ ፍርዱን የሰጡትም እሳቸው ናቸው። «ጡት ተሰጥቷል፣ እምቢ ያለችው ልጅቱ ናት። በሕፃን ላይ ደግሞ ፍርድ የለም። አንቺም ልጄ፣ መሐላሽን አትርሺ፤ ቀኙ የጌታ ልጅ ነውና ተመልሰሽ አጥቢ።»

ዘለቀ ከቀብሩ ጀምሮ የጠባው ነገር አልነበረም፤ እናቱ ይዛው መጥታ እቅፏ ውስጥ እሪ ይላል። አትጠገብ «እሺ» አለች። ሰው ሁሉ እፎይ አለ፤ ዓይኗ ላይ እንባ እንኳ አልነበረም። ከተቀመጡበት ድንጋይ አጠገብ ካለው እሬት ቅጠል ሰበረች፣ ጭማቂው ሲንጠባጠብ ሽማግሌዎቹ ፊት ቀኝ ጡቷን አወጣችና ቀባች፤ ዳር እስከ ዳር፣ ቀስ ብላ። «መድኃኒት ነው ብላችኋል» አለች። ከዚያ ቁጭ ብላ እጇን ዘረጋችና «አምጡት» አለች።

በለጥሻቸው እንዴት እንደሰጠቻት እስከ ዛሬ ያከራክራል። አልሰጥም ብትል መድኃኒት ያለችው መርዝ መሆኑን ማመኗ ነው፤ ሽማግሌዎቹም እያዩ ነው። ሰጠች። ልጁ በረሃብ ዘሎ ጎረሰ፣ ፊቱ ተጨማደደ፣ ጮኸ፣ በሁለት ትንንሽ እጆቹ ገፋ። አትጠገብ ጡቷን አልሸሸገችም፤ ደግማ ደጋግማ ሰጠችው። «ጨካኝ! ልጄን ልትገድይው ነው?» አለች በለጥሻቸው።

«እኔ መች ከለከልኩት እመቤቴ?» አለች አትጠገብ። «እምቢ አለ። በሕፃን ላይ ፍርድ የለም።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ወንዶቹ አንድ ዓይነት፣ ሴቶቹ ሌላ ዓይነት ይነግሩታል። ወንዶቹ እንደሚሉት የልጁ ለቅሶ አንጀቷን በላት፤ ሕፃን ምን አደረገ ብላ ጡቷን በእንባዋ አጥባ አጠባችው፤ ወይዘሮዋም እግሯ ላይ ወደቀች፣ ታረቁ። ጥሩ ነው፤ እንዲህ ብሎ ማውራት ለሚያወራው ሰው እንቅልፍ ይሰጣል። ሴቶቹ ግን ይህን ሲሰሙ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። እነሱ እንደሚሉት ልጁን ለእናቱ መለሰችላትና ነጠላዋን አንስታ ተነሣች፤ ከእህቷ ጋር ወንዙን ተሻግረው ሄዱ፤ ለዘለቀም ከሩቅ አገር ሌላ አጥቢ እስኪመጣለት ድረስ ያ ግቢ የልጅ ለቅሶ ሲሰማ ሰነበተ።

ለማንኛውም ዘለቀ እንደ ስሙ ዘለቀ። አድጎ ገዛ፣ ወለደ፣ ዛሬም የዘለቀ ልጆች ነን የሚሉ ዘሩን እስከ ላይ እየቆጠሩ በየሰርጉ ይኮራሉ። የአትጠገብን ልጅ ስም ግን የያዘ ሰው የለም። ክርስትና ተነሥታለች፣ ስም ነበራት፣ እናቷ በዚያ ስም ስትጠራት ትስቅ ነበር፤ ጠፋ። ለአገሩ የቀረለት በሽማግሌ ፊት የተነገረባት ሐሰት ብቻ ነው፤ ያው እርሱ መጠሪያው ሆነ።

ዛሬ በዚያ መንደር ልጅ ጡት አልይዝ ሲል እምቢ አለ ማለት ነውር ነው፤ «ማን ነካሽ?» ተብላ የምትጠየቀው እናቲቱ ናት። የምታጠባ ሴትም ልጇን ከማቀፏ በፊት ጣቷን ጡቷ ላይ አሳርፋ በምላሷ ትነካለች፤ ለምን እንደሆነ የማያውቁ ሙሽሮች እንኳ ከአማቶቻቸው አይተው ያደርጉታል። ገበያ ላይም አንዲት አሮጊት የየት አገር ሰው ነሽ ተብላ ስትጠየቅ «የእምቢ አለች» ብላ ትመልሳለች፤ ጠያቂው ፊቱን ካዞረ በኋላ ደግሞ፣ ለራሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «አላለችም» ትላለች።